በሽታ አድራሹ መድኃኒት ሲያደርስ

ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች በቃል ያቀረብሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ተቃንቷል፤ ከታዳሚው ከተነሡት ጥያቄዎችም ሁለቱ በመጨረሻ ገብተዋል። «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክቡራንና ክቡራት፣

ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክንዱን ለኮቪድ ክትባት የሰጠ ሰው እጁን ያውጣ ብል፣ ከዚህ አዳራሽ ታዳሚ ብዙው እንደሚያወጣ እገምታለሁ። ያን ጊዜ ወደ አገራችን ቀድሞ የገባው አስትራዜኔካ የሚባለው ክትባት ነበር፤ ቆይቶም በአንድ መርፌ የሚያልቀው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ተከተለ። በእነዚያ ብልቃጦች ውስጥ የነበረው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተዳከመ ኮሮና አልነበረም። የነበረው አዴኖ ቫይረስ የሚባል፣ በተለምዶ ጉንፋንና የዓይን መቅላት የሚያመጣ የቫይረስ ወገን ነው፤ የአስትራዜኔካው ከቺምፓንዚ፣ የሁለተኛው ከሰው የተገኘ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህ ቫይረስ የሚራባበትን ዘረመል ቆርጠው አወጡና ኮሮና በላዩ የሚሸከመውን እሾህ የሚያሠራ ዘረመል አስገቡበት፤ በአስትራዜኔካው አንድ መርፌም 50 ቢሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ወደ ሰውነታችን ገቡ። ስለዚህ ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በብዙዎቻችን ክንድ አንድ ጊዜ ያለፈ ነው።

ቃሉም ራሱ ይረዳናል። «ከተበ» በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም ክትባትም ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። ለፈንጣጣ የተከተቡ አባቶችና እናቶች የዚያን ጽሕፈት ጠባሳ ዛሬም በክንዳቸው ይዘውታል። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ጠባሳውን ልጆቻቸው አያውቁትም። ያ ክትባት ሕይወት ያለው የፈንጣጣ ዘመድ ቫይረስ ነበር፤ በሥጋችን ውስጥ የሚጽፈውም የራሱን ጽሑፍ ነበር። የዛሬዎቹ የታረሙ ቫይረሶች ደግሞ የራሳቸው ጽሑፍ ተፍቆ እኛ የሰጠናቸውን ይጽፋሉ። እኔ በዚህ ንግግር ላሳይ የምፈልገው፣ በዘረመል ሕክምና ውስጥ ትልቁ ጣጣ ማድረስ መሆኑን፣ ባለፉት ሠላሳ አምስት ዓመታት የተገኘው ድልም የደረሰው ኀዘንም በአብዛኛው ከአድራሹ፣ ማለትም ዘረመሉን ተሸክሞ ወደ ሕዋስ ከሚያስገባው ቫይረስ፣ የመጣ መሆኑን ነው።

ዘረመል፣ አንዳንድ የመማሪያ መጻሕፍት «በራሂ» የሚሉት፣ ሕዋስ አንድን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የተጻፈበት ዲ ኤን ኤ አራት ፊደላት ብቻ ሲኖሩት፣ የአንድ ሰው ሙሉ ጽሑፍ ግን ከ3 ቢሊዮን በላይ ፊደል ይዟል። ከዚህ ሁሉ መካከል የአንዲት ፊደል ስሕተት ሰውን ዕድሜ ልኩን ሊያሳምመው ይችላል። ሄሞፊሊያ ቢ የተባለውን እንውሰድ፤ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች ዘጠነኛው ይጎድላል፤ ልጁ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ይላል፤ ሲያድግም ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በውስጥ እየደማ ያብጣል፣ ቀስ በቀስም መገጣጠሚያው ይበላሻል። የተሳሳተው ጽሑፍ ከታወቀ ትክክለኛውን ቅጂ ይህን ፕሮቲን ለሚሠራው ለጉበት መስጠት ነው እንጂ ሌላ ምን ያስፈልጋል ሊባል ይችላል። ቅጂውን ማዘጋጀት ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። ነገር ግን ዲ ኤን ኤውን ራቁቱን ወደ ደም ብንወጋው፣ በደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል፤ ከእነርሱ የተረፈውን የሕዋሱ የቅባት ሽፋን አላስገባም ይለዋል፤ ገብቶ እንኳ ቢሆን ትእዛዙ ወደሚነበብበት ወደ አስኳሉ መድረስ ይቀረዋል።

ቫይረስ የሚኖረው ይህን መንገድ በመጓዝ ነው። ራሱን ችሎ መራባት የማይችል፣ በፕሮቲን ቅርፊት የተጠቀለለ ጥቂት ጽሑፍ ስለሆነ፣ ሕዋስ ውስጥ ካልገባ ዘር አይተካም። በቅርፊቱ ላይ ያሉት ጉጦች በሕዋሱ ላይ ካሉት መያዣዎች ጋር ይገጥማሉ፤ ሕዋሱም ምግብ የመጣለት ይመስል ውጦ ያስገባዋል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ይፈርስና ጽሑፉ ይለቀቃል። የሚያስደንቀው ትንሽነቱ ነው፤ ዛሬ በዚህ ሕክምና ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ኤ ኤ ቪ የተባለው ቫይረስ ስፋቱ 25 ናኖሜትር ያህል ነውና፣ አንድ ሚሊሜትር ርዝመት ባላት የጤፍ ፍሬ ላይ በመስመር ብንደረድረው 40 ሺህ ይሆናል።

ጎጃም ላይ ቆሞ ሰምና ወርቅን ሳይጠቅሱ ማለፍ ከባድ ነው፤ ምሳሌው ብዙ ጊዜ ከመጠቀሱ የተነሣ ቢሰለችም እዚህ ላይ ይሠራልና ፍቀዱልኝ። ቅርፊቱን ሰም፣ የገባበትን ዘረመል ወርቅ እንበለው፤ በሕዋሱ ውስጥም ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል። የቅኔ መምህራን ግን አንድ ነገር ያርሙኛል፤ በቅኔ ሰሙና ወርቁ በአንዱ ቃል ውስጥ ስለተዋሐዱ ሰሙን በሌላ ሰም ልለውጠው ቢሉ ወርቁም አብሮ ይጠፋል። በቫይረስ ይህ የለም፤ አንዱን ወርቅ በልዩ ልዩ ሰም ማልበስ ይቻላል፣ የት እንደሚደርስ የሚወስነውም በአብዛኛው ሰሙ ነው። ኤ ኤ ቪ ብዙ ዓይነት ቅርፊት አለው፤ በቁጥር የሚጠራው 9ኛው ከደም ወደ አንጎልና ወደ ጀርባ አጥንት ነርቮች የማለፍ ችሎታ አለው፣ 5ኛውና 8ኛው ጉበት ላይ በደንብ ይሠራሉ፣ 2ኛው በዓይን ተፈትኖ ተመስክሮለታል። በኋላ እንደምናየው፣ የሰውነታችን መከላከያ የሚቆጣውም ብዙውን ጊዜ በሰሙ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቫይረሱ እንዳይራባ የመራቢያ ዘረመሉ ከወጣ፣ ያ ሁሉ ቢሊዮን ቅንጣት እንዴት ተመረተ? መልሱ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ብልሃቶች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያረካኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቫይረሶች በገዛ ጽሑፋቸው ላይ እንደ ማኅተም ያለ ምልክት አላቸው፤ ቅርፊቱ ሲገጣጠም ወደ ውስጥ የሚከተተው ይህ ማኅተም ያለበት ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በቤተ ሙከራ የሚራቡ የሰው ሕዋሳትን ወስደው ጽሑፉን ከፋፍለው ያስገቡባቸዋል፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ ማኅተሙ ያለበት የመድኃኒት ዘረመል፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ቅርፊቱን የሚያሠሩና ሥራውን የሚያግዙ፣ ነገር ግን ማኅተም የሌላቸው የቫይረስ ዘረመሎች ይሆናሉ። ሕዋሱ ሁሉንም አንብቦ ቅርፊቱን ይሠራል፤ ወደ ቅርፊቱ የሚገባው ግን መድኃኒቱ ብቻ ነው። የተመረተው ቅንጣት ታማሚው ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ገብቶ አንድ መልእክት ይሰጣል፤ ራሱን የሚያባዛበት መመሪያ ፋብሪካው ውስጥ ቀርቷል። እርግጥ ከተመረቱት ቅርፊቶች ብዙዎቹ ባዶ ሆነው ይወጣሉ። ባዶውን ከሙሉው መለየት ሥራውን አድካሚና ውድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን ወደ አድራሾቹ ልዩነት ልግባ፤ ለዚህ የብራና መጽሐፍ ምሳሌ ይሻለኛል። አንድ ቁም ጸሐፊ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ የጎደለ ነገር ለመጨመር ሁለት መንገድ አለው እንበል። አንደኛው በተለየ ቅጠል ጽፎ በገጾቹ መካከል ማስቀመጥ ነው። ኤ ኤ ቪ በአብዛኛው እንዲህ ያደርጋል፤ ያመጣው ጽሑፍ በአስኳሉ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ይነበባል፣ ከሰውየው ጽሑፍ ጋር ግን አይሰፋም። መጽሐፉ ሳይገለበጥ እስከቆየ ድረስ ይህ በቂ ነው፤ የነርቭ፣ የዓይንና የልብ ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ስለማይከፋፈሉ ቅጠሉ ለዓመታት ባለበት ይቆያል። መጽሐፉ በተገለበጠ ቁጥር ግን ገልባጩ የተሰፋውን ብቻ ይገለብጣል፤ ቅጠሉ ይቀራል። ለዚህ ነው የሕፃን ጉበት ገና እያደገ፣ ሕዋሳቱም እየተከፋፈሉ በመሆናቸው ሐኪሞች ለጉበት በሽታ ኤ ኤ ቪ መስጠትን በልጅነት የሚፈሩት።

ሁለተኛው መንገድ መስመሩን ከፍቶ በመጽሐፉ በራሱ ውስጥ መጻፍ ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉት የደም እናት ሕዋሳት ዕድሜ ልካቸውን ስለሚከፋፈሉ ለእነርሱ ከዚህ ሌላ መንገድ አያዋጣም፤ ይህን የሚያደርጉትም ሬትሮ ቫይረስ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። በ1970 ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እንዳገኙት፣ እነዚህ ቫይረሶች የዲ ኤን ኤ ዘመድ በሆነው በአር ኤን ኤ የተጻፈውን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚመልስ ኢንዛይም አላቸው፤ የመለሱትንም ከሕዋሱ ጽሑፍ ጋር ያዋሕዱታል። ሁለቱ ሰዎች በ1975 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነውበታል። ከዚህ ወገን ዛሬ ይበልጥ የሚሠራበት የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ኤች አይ ቪ ነው እላችኋለሁ።

አዎን፣ ኤች አይ ቪ። በዚህ አካባቢ ያ በሽታ ምን እንዳደረገ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊት የነበሩትን ዓመታት የሚያስታውስ ሰው ስሙ ከሕክምና ጋር ተያይዞ ሲነሣ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቫይረሱን አስፈሪ ካደረጉት ባሕርያት አንዱ ግን በማይከፋፈል ሕዋስ አስኳል ውስጥም ጭምር ገብቶ ጽሑፉን መስፋቱ ነው፤ ተመራማሪዎች በ1996 የፈለጉት ይህን አንድ ችሎታ ነበር። በሽታ የሚያመጡት ዘረመሎች ተጥለዋል፤ ለምርት የግድ የሚያስፈልጉት ቀደም ብዬ እንዳልሁት ማኅተም በሌላቸው በተለያዩ ቁራጮች ላይ ተበትነዋል፤ ከጽሑፉ ጫፍ ላይም ጎረቤት ዘረመልን የሚቀሰቅሰው ክፍል ተቆርጧል፤ የላይ ልብሱም ብዙ ጊዜ በከብት ቫይረስ ልብስ ይተካል። በ2012 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ፣ መድኃኒት ሁሉ ያልበገረው የደም ካንሰር የያዛት የ6 ዓመት ልጅ የራሷ ነጭ የደም ሕዋሳት ወጥተው፣ ከኤች አይ ቪ በተሠራ አድራሽ የካንሰሩን ሕዋስ የሚለይ ዘረመል ተጽፎባቸው ተመለሱላት፤ ካንሰሩ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። ይኸው ሕክምና በነሐሴ 2017 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። እዚህ ላሉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አንድ ነገር በግርጌ ልጨምር፤ እንዲህ የታከመ ሰው ኤች አይ ቪ ሳይኖርበት፣ የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልጉ አንዳንድ ምርመራዎች ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በአድራሹ ላይ የቀረው ጥቂት የኤች አይ ቪ ጽሑፍ ነው ምርመራውን የሚያሳስተው።

መንገዱ ግን እንዲህ በቀና አልተጀመረም። መስከረም 14 ቀን 1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ የበሽታ መከላከያዋ አንድ ኢንዛይም በማጣቱ የሽባ ያህል ለነበረ የ4 ዓመት ልጅ በሬትሮ ቫይረስ የታረሙ የገዛ ራሷ የደም ሕዋሳት ተሰጧት። ልጅቱ አድጋለች፤ ሆኖም ኢንዛይሙን በመርፌም ትወስድ ስለነበር ከዘረመሉ ያገኘችው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሲያከራክር ኖሯል። ይህ ጅማሬ ብዙ ጉጉት፣ ጉጉቱም ጥድፊያ አመጣ።

በ1999 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ለምርምር በፈቃዱ ቀረበ። ጉበቱ አሞኒያን በሚገባ የማያስወግድ ቢሆንም በአመጋገብና በመድኃኒት ሕመሙን ችሎ ይኖር ነበር። መስከረም 13 ቀን ወደ ጉበቱ በሚሄደው የደም ሥር አዴኖ ቫይረስ በብዙ ትሪሊዮን ተሰጠው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። የገደለው በመድኃኒትነት የገባው ዘረመል አልነበረም፤ ሰውነቱ ለቅርፊቱ የሰጠው የቁጣ መልስ ነው። ከላይ ሰሙ ነው የሚያስቆጣው ያልሁት ይህን ይዤ ነው። አዴኖ ቫይረስ የመከላከያ ኀይልን በጣም የሚቀሰቅስ በመሆኑ ለጉበት ሕክምና የማይመች ሆነ፤ ይኸው ጠባዩ ግን ለክትባት ተፈላጊ አደረገው፤ ክትባት የሚፈልገው መከላከያውን መቀስቀስ ነውና። በክትባትም ቢሆን በአስትራዜኔካና በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እጅግ አልፎ አልፎ ብርቱ የደም መርጋት መታየቱን መሸሸግ አይገባም።

ሁለተኛው ኀዘን ከመጽሐፉ ምሳሌ ጋር ይሄዳል። በፓሪስና በለንደን፣ የበሽታ መከላከያ ሳይኖራቸው የተወለዱ 20 ሕፃናት ወንዶች በሬትሮ ቫይረስ ታከሙ። እንዲህ ያለ ሕፃን ካልታከመ ጥቃቅን ልክፍት ሁሉ ያሸንፈዋል፤ የታከሙት ግን አብዛኞቹ ከሆስፒታል ወጥተው ከቤተሰባቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ከዚያ ከ2002 ጀምሮ አንድ በአንድ በድምሩ አምስቱ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር ያዛቸው፤ አራቱ በሕክምና ሲድኑ አንዱ ሞተ። ምርመራው ያሳየው፣ አድራሹ የሰፋው ጽሑፍ ከአንድ የእድገት ዘረመል አጠገብ ማረፉንና ከቫይረሱ ጋር የመጣው ቀስቃሽ ክፍል ያን ተኝቶ የነበረ ዘረመል መቀስቀሱን ነው። ጸሐፊው ያስገባው ዐረፍተ ነገር ትክክል ነበር፤ የገባበት ቦታ ግን የአጠገቡን መስመር ትርጉም ለወጠው። ዛሬ ቀስቃሹ ክፍል ተቆርጦ የሚሠራው ከዚህ ትምህርት ተወስዶ ነው። አደጋው ፈጽሞ አልጠፋም፤ አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ለሚባል የአንጎል በሽታ በኤች አይ ቪ አድራሽ ከታከሙ 67 ልጆች 7ቱ የደም ካንሰር እንደያዛቸው በ2024 ተዘግቧል። እኔ እነዚህን ታሪኮች የማነሣው ሰው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ «ቫይረሱን አጽድተነዋል» የሚለው ቃል ምን ያህል መመዘን እንዳለበት ለማሳየት ነው።

ከኀዘኖቹ በኋላ ትኩረቱ ወደ ኤ ኤ ቪ ዞረ። ይህ ቫይረስ በ1965 በአዴኖ ቫይረስ ናሙና ውስጥ እንደ ጉድፍ ተደባልቆ የተገኘ፣ ያለ ረዳት ቫይረስ መራባት የማይችል፣ በሰው ላይም የሚያመጣው በሽታ ያልታወቀ ነው። ትልቁ ጉድለቱ ጠባብነቱ ነው፤ የሚይዘው 4,700 ፊደል ገደማ ብቻ ነው። የዘጠነኛው የደም ማርጊያ ጽሑፍ 1,400 ያህል ስለሆነ ተዘርግቶ ይገባል፤ የስምንተኛው ግን 7,000 ስለሆነ መካከሉ ተቆርጦ ነው የሚገባው፤ ጡንቻን ለሚያመነምነው የዱሼን በሽታ የሚያስፈልገው ዘረመል 11,000 በመሆኑ ደግሞ ከግማሽ በላዩን ጥሎ ዋና ዋናውን ብቻ መላክ ግድ ሆኗል። ያ አጭር ቅጂ ምን ያህል እንደሚሠራ ገና ይመዘናል።

በዓይን ላይ የተገኘው ውጤት ግን ግልጽ ነው። አር ፒ ኢ 65 የተባለ ዘረመላቸው ተበላሽቶ ከልጅነት ጀምሮ ብርሃን እየራቃቸው የሚሄዱ ሕፃናት አሉ። ሕክምናው መጀመሪያ በዚሁ በሽታ ዕውር ሆነው በተወለዱ ውሾች ተሞከረ፤ ውሾቹ ማየታቸው በ2001 ታተመ። በጂን ቤኔትና በአልበርት ማጓየር የተመራው ሥራም በታኅሣሥ 2017 በአሜሪካ ለሰው ተፈቀደ። በሬቲናው ሥር የሚሰጠው ከአንድ ሚሊሊትር ሲሶ የማይሞላ ፈሳሽ ነው። ሰዎቹ ፍጹም ዓይን አያገኙም፤ ጭላንጭል ባለበት ክፍል መሰናክል እየለዩ መሄድ ግን ይችላሉ። በግንቦት 2019 ደግሞ የጀርባ አጥንት ነርቮቻቸው እየሞቱ ጡንቻቸው ለሚዝል ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በ9ኛው ቅርፊት የተሰጠው መድኃኒት ተፈቀደ። የዚህ በሽታ ከባዱ ዓይነት የያዘው ሕፃን ቀደም ሲል ሁለተኛ ዓመቱን ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የሚያይበት ዕድል ጥቂት ነበር፤ በጊዜ የታከሙት ግን የሚቀመጡ፣ አንዳንዶቹም የሚራመዱ ሆነዋል።

አድራሹ ሌላም ክፉ ጠባይ አለው፤ ሁለተኛ ጊዜ አይላክም። መጀመሪያ ሲሰጥ ሰውነቱ በቅርፊቱ ላይ ፀረ እንግዳ አካላት ስለሚሠራ ደግሞ ቢሰጥ በደጅ ይመለሳል። ከሰው ብዙው ደግሞ ኤ ኤ ቪ በተፈጥሮ አግኝቶት ስለሚያልፍ፣ ሕክምናውን ገና ሳይቀበል ፀረ አካሉን ይዞ የሚገኝና በዚህ ምክንያት የሚከለከል ታማሚ ጥቂት አይደለም። ኮሮናን ለመከላከል የቺምፓንዚ ቫይረስ የተመረጠውም የሰው ልጅ ቀድሞ ስለማያውቀው ነው።

ስለ ዋጋ ሳልናገር ብወርድ ትታዘቡኛላችሁ። የዓይኑ ሕክምና ለሁለቱ ዓይን 850 ሺህ ዶላር፣ የሕፃናቱ የነርቭ ሕክምና 2.1 ሚሊዮን፣ በኅዳር 2022 የተፈቀደው የሄሞፊሊያ ቢ ሕክምና 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ወጣ። በአውሮፓ በ2012 ቀድሞ የተፈቀደው የኤ ኤ ቪ መድኃኒትም ገዢ አጥቶ በ2017 ከገበያ ወጥቷል። ሰው ይህን ሰምቶ የቫይረስ አድራሽ በባሕርዩ የሀብታም ነገር ነው ቢል አልስማማም። በክንዳችን የገባው የአስትራዜኔካ ክትባትም በዚሁ ጥበብ የተሠራ ነው፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነበር፣ የሚቀመጠውም በተራ ማቀዝቀዣ ነበር። ልዩነቱ አንደኛ በመጠን ነው፤ 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለነርቭ ሕክምናው የሚሰጠው ቅንጣት ከአንድ ክትባት ከ10 ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው የክትባቱ ወጪ ለብዙ መቶ ሚሊዮን ሰው ሲካፈል የብርቅ በሽታ መድኃኒት ወጪ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ መውደቁ ነው። ሦስተኛው፣ እኔ እንደምፈርደው፣ ዋጋው ከማምረቻው ወጪ ይልቅ በሀብታም አገር ዕድሜ ልክ ለሚሰጠው ሌላ መድኃኒት ከሚከፈለው ጋር እየተነጻጸረ መቆረጡ ነው።

እኛ ዘንድ ዕውር ሆኖ የሚኖረው ሰው በአብዛኛው የዓይን ሞራና ትራኮማ የያዘው ነው፤ ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ ስለሆነ አዚትሮማይሲን፣ ንጹሕ ውኃና የተገለበጠ ሽፋሽፍት የሚያቀና ቀዶ ሕክምና እንጂ ዘረመል አያሻውም። ለሄሞፊሊያ ልጅም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው በሽታው ስም እንዲያገኝ ነው፤ በግርዛት ቀን ብዙ የደማ ወንድ ልጅ፣ አጎቱም እንዲሁ የነበረ ከሆነ፣ ለምርመራ መላክ እንዳለበት የጤና ጣቢያው ባለሙያ ካወቀ ያ ልጅ ተርፏል። ክትባት ላይ ግን የታረመ ቫይረስ አፍሪካን አስቀድሞ ጠቅሟል። ከብትን የሚያሳምም ቪ ኤስ ቪ የሚባል ቫይረስ የላይ ልብሱ በኢቦላ ልብስ ተለውጦ በ2015 በጊኒ ተፈተነ፤ ከ2018 እስከ 2020 በኮንጎ በተነሣው ወረርሽኝም ከ300 ሺህ በላይ ሰው ተከትቦበታል።

ንግግሩ ሲያበቃ አንድ የቅኔ መምህር ተነሥተው፣ «ይህ የተጨመረው ጽሑፍ ለልጅ ልጅ ይወረሳል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንዲህ ስል መለስሁ። የኔታ፣ አይወረስም፤ ዛሬ የተፈቀዱት ሕክምናዎች በሙሉ ለጉበት፣ ለዓይን፣ ለነርቭ፣ ለጡንቻ፣ ለደምና ለመሳሰሉት ሕዋሳት የሚሰጡ ናቸው እንጂ ለዘር ሕዋስ አይደሉም። ስለዚህ እርስዎ ያሉት ነገር በተቃራኒው ያሳስባል፤ በሄሞፊሊያ ታሞ የዳነ ሰው ደሙ ይረጋለታል፣ በዘሩ ያለው ጽሑፍ ግን እንደተሳሳተ ነው። ወንዶች ልጆቹ ከእርሱ አይወርሱትም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም የተሳሳተውን ቅጂ ይይዛሉ፣ ለወንዶች ልጆቻቸውም ሊያስተላልፉት ይችላሉ። አባትየው ጤነኛ ስለመሰለ ሴት ልጁ ስትወልድ ማንም እንዳይዘነጋው ያስፈልጋል። የአድራሹ ርዝራዥ በወንድ ዘር ፈሳሽ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚታይም፣ ታካሚው የዘር ፈሳሽ እንዳይለግስ ይነገረዋል።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ነርስ ደግሞ፣ «የታከመው ሕፃን ቫይረሱን ወደ እናቱ ያስተላልፋል ወይ?» አለች። የገባው ቅንጣት ሁሉ ሕዋስ አያገኝም፤ የተረፈው በአብዛኛው በሰገራ ይወጣል። የወጣው ሊራባ ስለማይችል እናቲቱን አያሳምማትም፤ ሆኖም ሳያስፈልጋት ፀረ እንግዳ አካል እንዳታበጅበት መጠንቀቅ ይሻላል። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ዳይፐሩን በቀየረች ቁጥር እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ ዳይፐሩንም በላስቲክ አሥራ፣ ያንኑ በሌላ ላስቲክ ደርባ ትጥለዋለች።